የኦቪዲዮ እርምጃና የሉና ሕልም

በካሊ ከተማ፣ በኦብሬሮ ሰፈር፣ ዴያኒራ ሞስኬራን የሚያውቅ ሁሉ አንድ ነገር ያውቃል፤ ሴትዮዋ ስትናደድ አትጮኽም። ድምጿ ዝቅ ይላል፣ ከንፈሯ ይሳሳል፣ ቀኝ ተረከዟ ወለሉን መምታት ይጀምራል። ያኔ ብልህ የሆነ ሰው ቆቡን አንስቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ያ ማክሰኞ ግን ለመሄድም አልተመቸም። የፍሎር አልባ ጸጉር ቤት እስከ በሩ ድረስ ጢም ብሎ ሞልቷል። ግማሽ ጸጉሯ የተጠቀለለ ሴት፣ ኢምፓናዳ የሚባለውን ሳምቡሳ የያዘ ሽማግሌ፣ ወንበር አጥቶ ማጠቢያው ላይ የተቀመጠ ጎረምሳ፣ ሁሉም ዓይኑን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ቴሌቪዥን አልነቀለም። ሰፈሩ የተሰበሰበው ዴያኒራን ሊያይ ነው። እሷም መሃል ላይ፣ በክብር ወንበር፣ ለቅዳሴ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ተቀምጣለች።

ድራማው «የመስታወቱ ክፍል» ይባላል። ቦጎታ ስላለ የዳንስና የቲያትር ትምህርት ቤት ተማሪዎች ነው፤ ቆንጆ ቆንጆ ልጆች መስታወት ፊት እየጨፈሩ ይፋቀራሉ፣ ይቀናናሉ፣ ኮሪደር ላይ ቆመው ያለቅሳሉ፣ በማግስቱ ደግሞ ይታረቃሉ። ከቀኑ አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሀገሩ ልጃገረድ ሁሉ የቤት ሥራውን ጥሎ እሱን ያያል። የዚያን ቀኑ ክፍል የተቀረጸው እኛ ሰፈር ነበር። ዴያኒራም ድራማው ውስጥ አለች፤ እሷ ብቻ ሳትሆን ባሏ ኦቪዲዮም አለ፤ ምንም እንኳ ከሞተ አምስት ዓመቱ ቢሆን። ቢያንስ እሷ እንደዚያ መስሏት ነበር።

ነገሩ እንዲገባችሁ ኦቪዲዮ ማን እንደነበረ ማወቅ አለባችሁ።

ዴያኒራ የተወለደችው ከካሊ ወጣ ብሎ፣ ሸንኮራ አገዳ ሰማዩን በሚጋርድበት አገር ነው። ገና ልጅ ሳለች ከተማ ገብታ ሰው ቤት ተቀጠረች። ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ወለል ጠርጋለች፣ የሰው ልጅ አሳድጋለች፣ የሰው ሸሚዝ ተኩሳለች፤ ሲጠይቋትም አንገቷን አትደፋም። «ወለል መጥረግ ምን ያሳፍራል?» ትላለች። «ያቆሸሸው ይፈር።» የእሷ የምትለው ነገር አንድ ብቻ ነበራት፤ እሱም እሑድ ከሰዓት። በዚያ ሰዓት የካሊ ሠራተኛ ሁሉ ሽርጡን አውልቆ ወደ ጭፈራ ቤት ይሄዳል፤ እሷም ወደ ኤል ማንጎ ትሄድ ነበር።

ኤል ማንጎ ስሙን ያገኘው ግቢው መሃል ከቆመው የማንጎ ዛፍ ነው። ባለቤቱ ዶን ሃሲንቶ የሙዚቃ ሸክላዎቹን እንደ ልጆቹ ይሳሳላቸዋል። እኛ ከተማ ትልቁን ሸክላ በትንሹ ሸክላ ፍጥነት ነው የምናጫውተው። መጀመሪያ ያደረገው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ አንዱ ሰክሮ የፍጥነቱን ቁልፍ ተሳስቶ ነው ይባላል። ስህተቱ ግን ጣፈጠን፤ አላረምነውም። የዘፋኙ ድምፅ ቀጥኖ የሕፃን ይመስላል፣ እግር ግን ክንፍ ያወጣል። ከዚያ ወዲያ የካሊ ሰው ቀስ ብሎ መጨፈር ተስኖት ቀረ።

ኦቪዲዮ ሉኩሚ ፍራሽ ሰፊ ነበር። ከዚያ በፊት አገዳ ቆራጭ ሳለ የገዛ ገጀራው የግራ እግሩን ሁለት ጣቶች ወስዶበታል። ቆሞ ሲሄድ ያነክሳል። አንድ እሑድ ኤል ማንጎ ውስጥ በዚያ ፍጥነት ሊጨፍር ሲነሳ ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ዴያኒራም ሳቀች፤ ይህን ራሷም አትደብቅም። እሱ ግን መርገጥ የማይችለውን እግር ጨርሶ ላለመርገጥ ወሰነ። ግራ እግሩ ወለሉን እየፈለገ ሳያገኘው ይንሳፈፋል፣ ቀኝ ተረከዙ ያሽከረክረዋል፣ አሁን ወደቀ ስትል ከምቱ ጋር ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሳቁ ቆመ። በሚቀጥለው እሑድ ጎረምሶቹ ሊሞክሩት ተነሱ፤ ሁለት እግር ሙሉ ይዘው በየተራ ወለሉን ሳሙ። ዴያኒራ ያን ቀን ነው «ይህን ሰውዬ አገባዋለሁ» ያለችው፤ አገባችውም።

እኛ ጋ ደግሞ የጭፈራ እርምጃ ባለቤት አለው። ይህ በጽሑፍ የሰፈረ ሕግ አይደለም፤ ከሕግ ግን ይጠብቃል። የሌላውን እርምጃ ልትጨፍር ከሆነ መጀመሪያ ወደ ባለቤቱ ወንበር ዞረህ በተረከዝህ ወለሉን ሁለቴ ታንኳኳለህ። «ያንተ ነው፣ አውቃለሁ» ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እንደ ልብህ ጨፍር። ሳያንኳኳ የጨፈረ ሰው ካለ ሃሲንቶ መርፌውን ከሸክላው ላይ ያነሳል። ሙዚቃው ይቆማል፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይቆማል፣ ሌባው ሄዶ እስኪያንኳኳ ድረስ ማንም አይንቀሳቀስም። አንድ ከንቲባ ሊሆን የተወዳደረ ሰውዬ ሳይቀር በዚህ ተዋርዶ ያውቃል።

የፍራሹ ብናኝ የኦቪዲዮን ሳንባ በልቶ ገደለው። ልጅ አልነበራቸውም። ያለው ፎቶ አንድ ብቻ ነው፤ የሠርጋቸው፤ እሱም ቁጭ ብሎ። እንግዲህ ከዚያ ሰው በዚህ ምድር የቀረው ያ እርምጃ ነው። ሃሲንቶ ኤል ማንጎ ውስጥ ዓምዱ ሥር ያለውን የኦቪዲዮን ወንበር አላነሳውም፣ ማንም አይቀመጥበትም፤ የሚጨፍር ሁሉ ወደ ባዶው ወንበር ዞሮ ሁለቴ ያንኳኳል። ዴያኒራ እሑድ እሑድ ከወንበሩ ጎን ተቀምጣ ያንን ድምፅ ትሰማለች። እሷ ራሷ እሱ ከሞተ ወዲህ እርምጃውን ጨፍራው አታውቅም። መስማቱ ግን ለሳምንት ይበቃታል።

እና አንድ ቀን ከቦጎታ የድራማው አዘጋጅ፣ ማውሪሲዮ የሚባል ልጅ መጣ። ጆሮው ላይ ማዳመጫ፣ እጁ ላይ የውሃ ጠርሙስ፣ አፉ ላይ ማር።

«ዶኛ ዴያኒራ፣ ስለ እርስዎ ያልሰማሁት የለም! እርስዎ የዚህ ከተማ ቅርስ ነዎት!»

«ቅርስ ሙዚየም ነው ያለው» አለች ዴያኒራ። «እኔ እዚህ ነኝ። ምን ፈልገህ ነው?»

የፈለገው ይህ ነው፤ የድራማው ዋና ገጸ ባሕርይ ሉና ለትልቅ ፈተና የሚሆን አዲስ ነገር ፍለጋ ካሊ ትመጣለች፣ አንዲት የሰፈር እናት ታስተምራታለች፣ የምታስተምራትም የኦቪዲዮን እርምጃ ነው። ዴያኒራ አሰበችበት። ክፍያውን አልጠየቀችም፤ ፍሎር አልባ በዚህ እስከ ዛሬ ትወቅሳታለች። የጠየቀችው አንድ ነገር ነው።

«ስሙ ይጠራ። ኦቪዲዮ ሉኩሚ ተብሎ። እሷም ታንኳኳ።»

«ይህማ ምን ጥያቄ አለው ዶኛ! የታሪኩ ነፍስ እኮ እሱ ነው!»

ሉናን የምትጫወተው ታቲያና የምትባል ቀጭን ልጅ ናት። ዴያኒራ መጀመሪያ ስታያት «ይቺ ነፋስ ይወስዳታል» ብላ ነበር፤ ልጅቱ ግን ልብ ነበራት። ጫማዋ እግሯን ልጦት እየደማች ተማረች። በተቀረጸበት ቀን ኤል ማንጎ ግቢ ውስጥ፣ በካሜራ ፊት፣ ወደ ባዶው ወንበር ዞራ ሁለቴ አንኳኳች፤ «ለኦቪዲዮ ሉኩሚ» አለች፤ ጨፈረችም። ሃሲንቶ አፍንጫውን በመሀረብ ጠረገ። ዴያኒራም አገላብጣ ሳመቻት።

ቀረጻው ከመጀመሩ በፊት አንዲት ትንሽ ነገር ሆና ነበር። ማታ ነፍሶ ግቢው በማንጎ ቅጠል ተሞልቶ አደረ። የቦጎታ ሰዎች ሽቦ ሲዘረጉ ዴያኒራ አላስቻላትም፤ የባሏ ወለል ነውና መጥረጊያ አንስታ ጠረገችው። ካሜራው መከፈቱን ማንም አልነገራት።

እንግዲህ ወደ ጸጉር ቤቱ እንመለስ። አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ፣ ዘፈኑ ተዘፈነ፣ ድራማው ጀመረ። ሉና አውቶቡስ ላይ፣ ሉና በካሊ ጎዳና፣ ሉና በኤል ማንጎ በር። ከዚያ ዴያኒራ ታየች።

«ዴያ! ዴያ!» ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ።

ዴያኒራ በቴሌቪዥኑ ውስጥ ጎንበስ ብላ ትጠርጋለች። ሉና በጎኗ ስታልፍ «ደህና ዋሉ እትዬ» አለቻት፤ ይህንን ሌላ ቀን፣ ሌላ ቦታ ቀድተው የለጠፉት ነው። ሉና ባዶውን ግቢ በትካዜ አየች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ በቃ፣ ካሊ አለቀ። ቀጥሎ ቦጎታ፣ ያ መስታወታም ክፍል። ሉና በመምህሯ ፊት የኦቪዲዮን እርምጃ ጨፈረችው። ያውም ሙዚቃውን «አስተካክለውት»፣ ሸክላው በሚገባው ቀርፋፋ ፍጥነት እየዞረ፣ ምስሉንም ለሙዚቃው ብለው አጓትተውት፤ እግሩ ከጭቃ ውስጥ ጫማ የሚፈልግ ሰው መሰለ። የሰረቁትን እንኳ በቅጡ አልሰረቁትም!

«ይህን ከየት አመጣሽው?» አለ መምህሩ፤ እንባው በዓይኑ ሞልቶ።

«በሕልሜ መጣልኝ» አለች ሉና። «እግሬ ራሱ ነው የነገረኝ።»

«እንግዲያስ ስሙ የሉና እርምጃ ይባላል።»

በጸጉር ቤቱ ውስጥ የሚሰማው የጸጉር ማድረቂያው ጩኸት ብቻ ሆነ። ፍሎር አልባ ሄዳ አጠፋችው። እዚያው የነበረው ሃሲንቶ ምስኪኑ ዝምታ አይችልም፤ ሊያስቅ ብሎ አፉን ከፈተ።

«አይ ዴያ፣ ቢያንስ አጠራረግሽ ቆንጆ ነበር።»

«አንተ ሽማግሌ፣ ምላስህን ልቁረጠው?» አለች ፍሎር አልባ መቀሷን እንደያዘች።

የዴያኒራ ቀኝ ተረከዝ ወለሉን ይመታል። ከዚያ ተነሳች፣ ሰማያዊ ቀሚሷን አስተካከለች፣ ሰዉም መንገድ ለቀቀላት። ደሟ ፈልቶ ነበር። የሰው ቤት ስትጠርግ የኖረች ሴት ስትጠርግ ብትታይ ምንም አይደለም፤ ግን ያን ቀን የጠረገችው ለእነሱ አልነበረም! የባሏን ወለል ነው የጠረገችው። እነሱ መምህርነቷን ጥለው መጥረጊያዋን ወሰዱ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም፤ አጥሩን ነቅለው ነው የሄዱት።

በማግስቱ ማውሪሲዮ ጋ ደወለች። ብዙ ሙዚቃ ካሰሟት በኋላ ተገኘ።

«ዶኛ! እንኳን ደስ አለዎት! አዩት?»

«አየሁት። ስጠርግ አየሁት።»

«በጣም ነው ያማረብዎት! ብርሃኑ ራሱ…»

«ኦቪዲዮስ?»

«ማን?»

ዴያኒራ ስልኩን ከጆሮዋ አራቀችው፤ መልሳ አስጠጋችው።

«አአ… ባለቤትዎ!» አለ ማውሪሲዮ። «ዶኛ፣ ይረዱኝ። ታሪኩ የሉና ነው። እርምጃው ከራሷ ልብ ካልወጣ ተመልካች አይወዳትም። ከሞቱ ፍራሽ ሰፊ ተማረች ብንል…»

«ብትሉስ?»

«ይከብዳል። ክፍሉም ረዝሞብን ነበር።»

«የባሌ ስም ነው ያስረዘመባችሁ?»

«እንደሱ አይውሰዱት ዶኛ…»

«ልጄ፣ እናት አለችህ?»

«አለችኝ፣ ለምን?»

«በል እሷንም በሕልሜ መጣችልኝ በል» ብላ ዘጋችበት።

ቁጣው በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ግን ድራማው ተወደደ። ሀገር ሙሉ የሉና እርምጃ ይል ጀመር፤ በሬዲዮ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በልደት ድግስ። ዴያኒራ ቾንታዱሮ የሚባለውን የዘንባባ ፍሬ ልትገዛ በወጣችበት ቀን የጎረቤቷ ልጅ ዩሌይሲ ከጓደኞቿ ጋር መንገድ ላይ እርምጃውን ስትሞክር አገኘቻት። ዴያኒራ ባሏ ከሞተ ወዲህ አድርጋው የማታውቀውን ልታደርግ ምንም አልቀራትም፤ ግራ እግሯን ትንሽ አንሳፈፍ አድርጋ አሳየቻት።

«እንዲህ ነው፤ ቶሎ።»

ልጅቱ አዘነችላት። «አይደለም ዶኛ ዴያ። ተሳስተዋል። ሉና ቀስ አድርጋ ነው የምትሠራው።»

ዴያኒራ ቾንታዱሮውን ሳትገዛ ቤቷ ገባች። ሕፃን ምን ያውቃል፤ የሚያንገበግበውም ይኸው ነው። ዛሬ ያላወቁ ልጆች ነገ አያቶች ይሆናሉ፤ ያኔ የኦቪዲዮን እርምጃ ለልጅ ልጆቻቸው የሉና ብለው ያስተምራሉ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ ቢሞት ይበቃዋል። እሷ ለመጀመሪያው ሞቱ አልቅሳለች፣ ተዝካሩን አውጥታለች፣ ለፈጣሪም ትታዋለች። ሁለተኛ ጊዜ የገደለው ግን ሳንባ ሳይሆን ሰው ነው፤ ለዚያ ሰው ይቅርታ አልነበራትም። ከዚያ ወዲህ እሑድ ኤል ማንጎ መሄድ አቆመች።

ከወራት በኋላ ሃሲንቶ ቆቡን በእጁ ይዞ በሯ ላይ ቆመ።

«ተመልሰው ይመጣሉ» አላት። «የመጨረሻውን ክፍል እኛ ጋ ሊቀርጹ ነው። ሉና ከሽማግሌዎቹ ጋር ትጨፍራለች አሉ።»

«እና ፈቀድክ?»

«ፈቀድኩ።»

«አንተ ሃሲንቶ፣ አሁን አንተን ሰው ብዬ ቡና እሰጥሃለሁ?»

«አትስጪኝ። ስሚኝ ብቻ። በአንድ ነገር ነው የፈቀድኩት፤ ሸክላውን የማጫውተው እኔ ነኝ። በእኔ ፍጥነት።» ቆቡን አዟዟረው። «ያን ቀን ጸጉር ቤት የተናገርኩት እንቅልፍ ነስቶኛል ዴያ። ነይና ወንበርሽ ላይ ተቀመጪ። ወንበሩን ለብቻው አትተዪው።»

ዴያኒራ በሩን ዘጋችበት። እሑድ ግን ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ ሄደች።

ኤል ማንጎ እንደ ዓመት በዓል ሞልቶ ነበር። የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ነጭ ጫማውን ወልውሎ፣ ላቡን የሚጠርግበት ፎጣ ትከሻው ላይ ጥሎ፣ ሙዚቃውን የሚያጅብበትን ቃጭል ይዞ መጥቷል። ማውሪሲዮ ወንበር ላይ ወጥቶ አጨበጨበ።

«ወገኖቼ! እኛ እንደሌለን ቁጠሩን! ምንም አታስመስሉ! እንደ ሁልጊዜያችሁ ሁኑ፣ የምንፈልገው ያንን ነው!»

«እሺ ጌታዬ» አለች ፍሎር አልባ፣ ከልክ ባለፈ ትሕትና።

ማውሪሲዮ ሸክላው ሲዞር ሲያይ ደነገጠ። «ዶን ሃሲንቶ፣ ማጫወቻው ተበላሽቷል!»

«አርባ ዓመት ሙሉ እንደተበላሸ ነው» አለ ሃሲንቶ።

ታቲያና ወደ ዴያኒራ መጣች። ከባዶው ወንበር ፊት ቆመች፤ የት እንደምታይ ጠፋት።

«ዶኛ ዴያኒራ… ተቀይመውኛል?»

«አንኳኩተሽ ነበር። በዓይኔ አይቻለሁ።»

«ቆረጡት ዶኛ። እኔ ምንም…»

«ኳኳታሽን እነሱ ቆረጡት። ሕልሙን ማን አወራው?»

«የጻፉልኝን ነው ያልኩት።»

«አፉ የማን ነበር?»

ማውሪሲዮ ልጅቱን ጠራትና ሄደች፤ በጆሮዋም አንድ ነገር አላት፤ ዴያኒራ ከንፈሩን አይታ ገባት። አታንኳኪ ነው ያላት።

ሙዚቃው ተለቀቀ። ሽማግሌዎቹ ጨፈሩ፣ ቃጭሉ ተመታ፣ ሉና መሃል ገባች። ጥሩ ነው የምትጨፍረው፤ እውነቱን ለመናገር ጥሩ ነው። ከዚያ ቀኝ ተረከዟን ተክላ ግራ እግሯን አንሳፈፈች። አላንኳኳችም።

ሃሲንቶ መርፌውን አነሳ።

ሰው ሁሉ ባለበት ደረቀ። ያነሳውን እጅ ያላወረደ አለ። ከማንጎው ዛፍ ቅጠል ሲወድቅ ይሰማ ነበር።

«ምን ሆነ? መብራት ነው?» አለ ማውሪሲዮ።

«መብራትማ አለ» አለ ሃሲንቶ። «ሌባ ገብቶ ነው። እዚህ ቤት ሌባ ሲገባ ሙዚቃ ይቆማል።»

«ዶን ሃሲንቶ፣ እባክዎን! ቀረጻ ላይ ነን!»

«እንደ ሁልጊዜያችሁ ሁኑ አላልክም እንዴ?»

አንዲት አሮጊት ሳቋ አመለጣት። እንደገና ተጀመረ፤ እንደገና ያለ ኳኳታ፤ እንደገና መርፌው ተነሳ። በሦስተኛው ታቲያና ማውሪሲዮን አላየችውም። ወደ ባዶው ወንበር ዞረች፣ ሁለቴ አንኳኳች፣ ከዚያ ጨፈረች። መርፌው ከሸክላው አልተነሳም። ሙዚቃውን ያቆመው በዚህ ጊዜ ማውሪሲዮ ነው።

«ታቲ፣ ምንድን ነው ይህ? ተመልካች ምን ብሎ ነው የሚረዳው? ችግር የለም፣ ኳኳታውን በኋላ እንቆርጠዋለን። ከጭፈራው ብቻ እንጀምር።»

እንቆርጠዋለን! በፊቷ! ወንበሩ አጠገብ ቆሞ!

ዴያኒራ ተነሳች። አልጮኸችም፤ ዝቅ ባለ ድምፅ «ሃሲንቶ፣ ሸክላውን መልሰው» አለች። ሙዚቃው ሲጀምር ወደ ባሏ ወንበር ዞራ ሁለቴ አንኳኳች። ከዚያ አምስት ዓመት ሙሉ ያልነካችውን እርምጃ ጨፈረችው፤ ግራ እግሯ ወለሉን ፈለገ፣ አላገኘውም፣ ወደቀች ሲሉ ቀጥ ብላ ቆመች። ፍሎር አልባ ወንበሩን አየች፣ አንኳኳች፣ ገባች። ቀጥሎ ቃጭል የያዘው ሽማግሌ። ቀጥሎ ሚስቱ። ከዚያ በኋላ ማን ቀድሞ ማን እንደተከተለ አልታወቀም። አንዱ ሲያንኳኳ ሌላው ይሽከረከራል፣ ያ ሽክርክሩን ሲጨርስ ይህ ያንኳኳል፤ ቤቱ በሙሉ ፊቱን ወደ አንድ ባዶ ወንበር እያዞረ ወለሉን ቀጠቀጠው። መቀስ የሚገባበት ክፍተት ጠፋ። ታቲያና መሃላቸው ገብታ እያለቀሰች ትጨፍር ነበር፤ ይህንን ማንም አልጻፈላትም።

«ቆንጆ ነው፣ ቆንጆ ነው! አሁን ደግሞ ሳታንኳኩ!» ይላል ማውሪሲዮ። ይሰሙታል፣ እሺ ይሉታል፣ ሙዚቃው ሲጀምር ያንኳኳሉ። ደጋገመው። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ማዳመጫውን አውልቆ አንገቱ ላይ አንጠለጠለው።

የመጨረሻው ክፍል ሲታይ ዴያኒራ ጸጉር ቤት አልሄደችም፤ ፍሎር አልባ ናት መጥታ የነገረቻት። ጭፈራውን ሳይቆርጡ አሳይተውታል፤ የድራማው መዝጊያ ነውና ቢቆርጡት ምንም አይተርፋቸውም ነበር። ሰው ሁሉ ወደ ወንበሩ ዞሮ ሲያንኳኳ ይታያል። ግን ከላዩ የሉናን ድምፅ ጭነውበታል።

«ምን ትላለች?»

«ተዪው ዴያ።»

«ምን ትላለች አልኩሽ?»

«ሕልሜ እውን ሆነ ትላለች።»

«ስሙስ?»

ፍሎር አልባ ራሷን ነቀነቀች። ዴያኒራ ያን ሰዓት የተናገረችውን እዚህ አልጽፈውም፤ በዝቅተኛ ድምፅ ነው የተናገረችው፣ ፍሎር አልባ ግን አማተበች። ዛሬም ቢሆን ያ ስም በዚያ ቴሌቪዥን ተጠርቶ አያውቅም። ያን የሚያበርድ ነገር የለም፤ እኔም በርዷል ብዬ አልዋሽም።

በማግስቱ ዴያኒራ ደጇን ትጠርግ ነበር። ዩሌይሲና ጓደኞቿ መንገዱ ላይ ተሰልፈዋል። ዩሌይሲ ወደ ግድግዳው ዞራ በተረከዟ ሁለቴ አንኳኳች፣ ከዚያ ግራ እግሯን አንሳፈፈች፤ በፍጥነት። ሁለተኛዋ ልጅ ሳታንኳኳ ልትጀምር ስትል ሌሎቹ ተንጫጩባት።

«አላንኳኳሽም! አላንኳኳሽም! አይቆጠርም!»

ዴያኒራ መጥረጊያዋን ግድግዳው ላይ አስደገፈች።

«ለምንድን ነው የምታንኳኩት?» አለቻቸው።

ልጆቹ ተያዩ። «እንዲህ ነው የሚጀመረው» አለች ዩሌይሲ። «ለአንድ ሰው ነው መሰለኝ። ለማን እንደሆነ ግን አልነገሩንም።»

«ነይ ወደዚህ» አለች ዴያኒራ፤ ደጇ ላይ ተቀመጠች፣ ከጎኗም ቦታ አበጀችላት። «እኔ ልንገርሽ።»